መርዶ የተከለከለ ልብ

ቤታችሁ ውስጥ የልብ ሕመምተኛ ካለ፣ ይህን ጽሑፍ ከእሱ ይልቅ እናንተ አንብቡት። ሕመምተኛው የሚያደርገውንና የማያደርገውን ሐኪሙ ነግሮታል። ለእናንተ ግን በቅጡ የነገራችሁ የለም፤ ስለዚህ ከራሳችሁ እያመጣችሁ ታደርጋላችሁ። የእኔዎቹ እንደዚያ ነበሩ። ሙላት እባላለሁ፤ ሐይቅ ከተማ ዋናው መንገድ ዳር ሠላሳ ዓመት ያህል ልብስ ሰፍቻለሁ። ቁጡ ነው ይሉኛል። አልዋሹም።

ሕመሙ የጀመረኝ ጥቅምት ላይ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ተከምሮብኝ ሳለ ነው። እግሬ ፔዳሉ ላይ፣ እጄ ጨርቁ ላይ እንዳለ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተንፈራፈረ። የልብስ ስፌት ማሽን መርፌው ሲጣመም ስፌት ይዘላል፤ ሁለት ይሰፋል፣ አንድ ይዘላል፣ ከዚያ ሦስት አራቱን ያጣድፋል። ልቤ ልክ እንደዚያ ሆነ። ማሽን ቢሆን ከፍቼ መርፌውን እቀይርለት ነበር። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ትንሽ ተቀመጥኩ፤ አለፈልኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ሚስቴን ስንዱን «ደረቴ ተንፈራፈረ» ብላት የምታደርገውን ስለማውቅ ዝም አልኩ።

በሳምንቱ ተመለሰ። ከዚያ በየሁለት ቀኑ ሆነ። ከገበያ አንድ ጥቅል ጨርቅ ይዤ ስመጣ መንገድ ላይ ትንፋሼ አጠረና ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ ላቤ እንደ ውሃ ይወርዳል። ያየኝ ሰይድ ነው። ሰይድ ከእኔ ሱቅ ጎን ጨርቅ ይሸጣል፤ ሰው ከእሱ ይገዛል፣ እኔ እሰፋለሁ፤ ሃያ ዓመት እንዲህ ኖረናል።

«አንተ ሰውዬ፣ ፊትህ አመድ መስሏል» አለኝ። «ወላሂ ዛሬ ሐኪም ቤት ካልሄድክ ሱቄን ዘግቼ፣ ተሸክሜህ ነው የምሄደው።»

ሄድኩ። የመጀመሪያው ክሊኒክ ደሜን ወሰዱና «ታይፎይድና ታይፈስ» አሉኝ። እኛ አገር ክሊኒክ ገብቶ ይህን ሳይባል የወጣ ሰው ካለ ይንገረኝ። አሥር ቀን ኪኒን ዋጥኩ። ሁለተኛው «ጨጓራ ነው» አለኝና በርበሬ ከለከለኝ። ስንዱ እኔን ላለማስጎምጀት ብላ ቤቱን ሙሉ አልጫ አበላችው። ሦስተኛው ወጣት ልጅ ነበር፤ ሲለካኝ ልቤ ረግቶ ስለነበር ምንም አላገኘም። «ጭንቀት ነው አባባ፤ ሐሳብ አያብዙ» አለኝ። ሐሳብ አታብዛ የተባለ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያስበው ስለማሰቡ ነው። በኋላ እንደገባኝ ይህ ሕመም ሲጀምር እየመጣ ይሄዳል፤ ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ ጨዋ ይሆናል። እንዲህ ያለ ነገር የሚሰማችሁ ከሆነ በሚፈራገጥባችሁ ሰዓት ሮጣችሁ ተለኩ፤ እስኪያልፍላችሁ አትጠብቁ።

ሌሊቱ የከፋ ነበር። በግራ ጎኔ ስተኛ ትራሱ ውስጥ ልቤ ይሰማኛል፤ ሲዘል እሰማዋለሁ፤ ከዘለለ በኋላ ደግሞ እንዲመታ እጠብቃለሁ። ያቺ መጠበቅ ረጅም ናት። ስንዱ አጠገቤ ትተነፍሳለች። እንዳልቀሰቅሳት እጄን አፌ ላይ አደርጋለሁ።

ታኅሣሥ ላይ ደሴ ወሰዱኝ። ከማለዳ ጀምሮ አግዳሚ ወንበር ላይ ተሰልፈን ዋልን። ወረፋው ባለበት ቆመ፤ አንዲት የማላውቃት ሴት ከያዘችው ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ፤ ሕመሜን ሳትጠይቀኝ ዞር አለች። እስካሁን አልረሳኋትም። እንደ ዕድል ሆኖ ስገባ ልቤ እየጋለበ ነበር። ነርሷ ጣቷን አንጓዬ ላይ አድርጋ ምቱን ቆጠረችና «አባባ፣ ይሄ እኮ ሥርዓት የለውም» አለችኝ። ደስ አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ ስናገረው የነበረውን ሌላ ሰው በጣቱ አገኘው።

የልብ ምት በወረቀት የሚጽፈውን ማሽን ደረቴ ላይ አሰሩ። ከዚያ የልብ አልትራሳውንድ፣ የእንቅርት ምርመራ። ለዚያ ዚግዛግ የምትሰፋዋን ማሽኔን ሸጥኩ፤ አልቆጭም። ሐኪሙ ወረቀቱን እያሳየ በቀላል ቋንቋ አስረዳኝ። የልብ የላይኞቹ ክፍሎች በአንድ ጊዜ መጨመቅ ሲገባቸው ይንቀጠቀጣሉ፤ የታችኞቹ ያንን ተከትለው በዘፈቀደ ይሮጣሉ። ስሙ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ነው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ብዙ ሰው ያስፈልገዋል፤ አንተ ግን በዕድሜህም፣ ግፊትና ስኳር ስለሌለብህም ለጊዜው አያስፈልግህም፤ በየጊዜው እናየዋለን አለኝ። ያዘዘልኝ ሜቶፕሮሎል የሚባል ኪኒን ነው። ቤታ ብሎከር ከሚሏቸው አንዱ ነው፤ ልብ እንዳይጋልብ ልጓም ይይዛል። በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከምግብ ጋር። «ተሻለኝ ብለህ በራስህ እንዳታቆመው። በድንገት ከተቋረጠ ልብ ከበፊቱ ብሶበት ይሮጣል» አለኝ።

ስንወጣ ስንዱ በሩ ላይ ቆም አለች። «ዶክተር፣ ድንጋጤስ?»

ሐኪሙ የሚቀጥለውን ሰው ስም ሊጠራ ነበር። «አዎ፣ ከድንጋጤ ጠብቁት» አለ።

እንግዲህ ችግሬ ሁሉ ከዚህች ቃል መጣ። ከሐኪሙ አፍ የወጣችው እንደ «መልካም መንገድ» ነው። ስንዱ ጆሮ ውስጥ የገባችው ግን እንደ ግዝት ነው።

ስለ ኪኒኑ እውነቱን ልናገር። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበዱኝ። ፔዳሉ ላይ ያለው እግሬ የሌላ ሰው እግር መሰለኝ። ጣቶቼ ይቀዘቅዛሉ፤ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ጸሐይ ላይ አሙቄያቸው እመለሳለሁ። በፍጥነት ከተነሳሁ ዓይኔ ይጨልማል። ሕልሜ በዛ። ቀጠሮዬን ጠብቄ ስነግረው ሐኪሙ መጠኑን ቀነሰልኝና ቀስ በቀስ ለመድኩት። ልቤም ረጋ። ድብልቅልቁ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ግን መጋለቡን ተወ። ትራሴም ዝም አለ።

ከትራሴ ጋር ግን ከተማውም ዝም አለ።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ጥሩምባውን ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት የሚያስቀብረውን ማኅበር ቅሬ እንለዋለን። ጥሩምባ ነፊው ማለዳ በየሰፈሩ እየዞረ የሟቹን ስም ይጣራል። ድሮ ከመኝታዬ ሰምቼ «ውይ» እል ነበር። አሁን ድምፁ ከገበያው በኩል ይመጣል፣ ወደ እኛ መታጠፊያ ሲደርስ ጸጥ ይላል፣ ከዚያ ከማዶ እንደገና ይሰማል። ሰውዬው በእኛ ደጅ በእግሩ ጣት የሚያልፍ ይመስል ነበር። «ማን ሞቶ ነው?» ስል ስንዱ «ለስብሰባ ነው» ትለኛለች። በዚያ ወር ቅሬው ከቀበሌው የበለጠ ስብሰባ አበዛ።

ቀጥሎ ጥቁር ጨርቅ ጠፋ። ሐዘንተኛ ከሰይድ ጥቁር ይገዛና ወደ እኔ ይመጣ ነበር። አሁን ከሰይድ ሱቅ ፌስታሉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ይወጣና መንገዱን ተሻግሮ ወጣቱ ልብስ ሰፊ ጋ ይገባል። እጄ ደከመ ብለው ናቁኝ ብዬ አሰብኩ። ሰይድን «ደንበኞቼን ለዚያ ልጅ የምትልከው ስንት እየከፈለህ ነው?» አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። «አላህ ይይልህ» አለኝ። አንድ ሳምንት ተኳረፍን።

ወሬም ጠፋ። የልብስ ሰፊ ሱቅ ማለት ግማሹ ወሬ ነው፤ ሰው ሲለካ ዝም አይልም። አሁን ግን የሚገባው ሁሉ «ሁሉ ሰላም፣ ሁሉ ደኅና» ይለኛል። የታመመ የለም፣ የተጣላ የለም፣ የሞተ የለም። ሰዎች ከሱቄ በራፍ ሲደርሱ ጨዋታቸውን ያቆማሉ፤ ካለፉ በኋላ ይቀጥሉታል። ፊት ለፊቴ እየኖሩ ርቀውኝ ሄዱ። ለካ ሰውን ከሰው የሚያገናኘው ክፉ ወሬ ነው። ደግ ወሬማ ማንም ብቻውን ይችለዋል።

አሁን ስለ እህቴ ልንገራችሁ። እትዬ ጥሩነሽ ታላቄ ናት፤ ከውጫሌ በላይ፣ አምባሰል ውስጥ፣ አያ ተገኘን አግብታ ነበር የምትኖረው። እናታችን ስትሞት እኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ልብስ ስፌት እንድማር ውጫሌ ገበያ ለአንድ ባለሙያ የሰጠችኝም እሷ ናት። ሰውዬው በትር ያነሳል ስለተባለ፣ የመጀመሪያውን የገበያ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ከሱቁ በራፍ ጥግ ተቀምጣ ስታየው ዋለች። አንድም ቀን አልመታኝም። ስልክ የላትም፤ የማወራት በአያ ተገኘ ስልክ ነው።

ጥር ላይ ስንዱ «የአክስቴ ልጅ ሰርግ አለብኝ፣ ውጫሌ ደርሼ ልምጣ» አለችኝ። ጥር የሰርግ ወር ነው፤ ምን እጠረጥራለሁ? አበባ ያለውን ቀሚሷን እኔው ራሴ ተኮስኩላት። «ለእኔም ሙሽሮቹን ደስ ይበላችሁ በይልኝ» አልኳት። ቀና ብላ ሳታየኝ ወጣች። በአራተኛው ቀን ስትመለስ ድምፅዋ ተዘግቷል።

«ዘፈን ነው» አለችኝ በሹክሹክታ።

«በዚህ ዕድሜሽ!» ብዬ ሳቅሁባት። ማር በውሃ በጥብጬ ሰጠኋት። ጎንበስ ብላ ጠጣችው።

ከዚያ በኋላ ለእህቴ በደወልኩ ቁጥር አያ ተገኘ «ከብት ልታይ ወጥታለች» ይላል። ሌላ ቀን «ቤተ ክርስቲያን ናት»። ሌላ ቀን «ጆሮዋ ደክሟል፣ በስልክ አትሰማም፤ ሰላም ብላሃለች»። ልሂድ ስል ስንዱ ትነሳብኛለች። «ያን ዳገት በየትኛው ትንፋሽህ?» ትለኛለች። እውነትም አልችለውም ነበር። በቅሎ ይምጣልኝ ስል ደግሞ በቅሎዋ ታማለች አሉኝ።

ያኔ ያሰብኩትን ብናገር ያሳፍረኛል፤ ግን ለዚህ ነው የምጽፈው። ተቀየምኳት። ታምሜ ሳለሁ አንድ ቀን መጥታ ሳትጠይቀኝ፣ ስልክ አንስታ «እንዴት ነህ» ሳትለኝ፣ ምን ሆና ነው አልኩ። እርጅና ልብ ያደርቃል አልኩ። ለፋሲካ ግን አላስቻለኝም፤ ቀሚስ ሰፋሁላት። ልኳን በቃሌ አውቀዋለሁ። ሦስት ቀን በቀዘቀዙ ጣቶቼ ጥልፉን በእጄ ጠለፍኩት። ስንዱ በሩ ላይ ቆማ «ለምን ትደክማለህ?» አለችኝ። «ንፉግ! ለእህቴ ቀሚስ ብሰፋ ምን ቆረጠሽ?» ብዬ ጮህኩባት።  ቀሚሱን አጣጥፋ «ሰው ሲገኝ እልከዋለሁ» ብላ ወሰደችው። «ደረሰኝ» የሚል ቃል ሳይመጣ ቀረ። ቅያሜዬ ባሰ።

ሰኔ ላይ ለክትትል ደሴ ሄድኩ። ስንዱን ጉንፋን ይዟት ስለነበር ብቻዬን ነበርኩ። ያው አግዳሚ፣ ያው ወረፋ። አጠገቤ አንዲት ባልቴት ተቀምጠው ነበር፤ ደጋግመው ያዩኛል።

«አንተ፣ የጥሩነሽ ወንድም አይደለህም? የሐይቁ ልብስ ሰፊ?»

«ነኝ እናቴ።»

«እኔ አፈር ልብላ! እግዜር ያጥናህ የኔ ልጅ። እግሬ እንዲህ እምቢ ብሎኝ እቤትህ ድረስ መጥቼ እንኳ ሳላለቅስህ።»

«አሜን» አልኩ።

አፌ ለምዶት ነው እንጂ አልገባኝም። ለሌላ ሰው የተናገሩ መሰለኝ። ቃሉ ከወጣ በኋላ ቀስ ብሎ ተመልሶ ገባኝ። «ማን ሞተ?» ብዬ ልጠይቅ ነበር፤ ግን ያንን ከጠየቅሁ እሳቸውም ደንግጠው ዝም ይላሉ፤ እንደ ሁሉም። ስለዚህ እንደሚያውቅ ሰው «ቀብሩ ላይ ነበሩ እንዴ?» አልኳቸው።

«ነበርኩ እንጂ! ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ አይደል? ሌሊት ደኅና አድራ ጠዋት እሳት ልታያይዝ ጎንበስ እንዳለች ነው። አልተሠቃየችም፤ እሱ ይመስገን። እኔስ ያዘንኩት ለሚስትህ ነው። ያን አበባ ያለውን ቀሚሷን ገልብጣ ለብሳ፣ 'ወንድሟ ታሞ ነው፤ የሱንም እኔ ላልቅስ' እያለች ስትወድቅ ስትነሳ፣ ሰው ሁሉ ያነባው በሷ ነበር።»

ያ የተኮስኩት ቀሚስ ነው። ውስጡን ወደ ውጭ አድርጋ ለብሳዋለች።

እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ የጠበቅሁት ልቤ እንዲሮጥ ነበር። ሮጠም፤ ትንሽ ሮጠ፤ ከዚያ ልጓሙ ያዘው። እንባዬ ግን አልመጣም። አፍሬ ነው መሰለኝ። አምስት ወር ሙሉ የተቀየምኩት ሟችን ነው። አልጠየቀችኝም ያልኩት አፈር የተጫናትን ሴት ነው። ባልቴቷ እጄን ይዘው ቆዩ፤ ከአምስት ወር ወዲህ ስለ ሞት ያወራኝ የመጀመሪያ ሰው እሳቸው ናቸው። ስሜ ሲጠራ ጉልበታቸውን ሳምኩና ገባሁ።

ነርሷ የልቤን ምት ለካችኝ። «ሰባ አራት። በጣም ጥሩ ነው» አለች። ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ ሲጽፍ «ዶክተር፣ መርዶ ይገድለኛል?» አልኩት።

ብዕሩን አስቀመጠ። «ማን ነው እንደዚያ ያለህ?»

«አንተ። ከድንጋጤ ጠብቁት ብለሃቸዋል።»

ትንሽ አሰበ፤ ማለቱን እንኳ አያስታውስም። «ድንጋጤ የልብን ምት ሊያፈጥን ይችላል። ስለዚህ ነው ኪኒኑን የምትወስደው። ደረትህን አፍኖ ከያዘህ፣ ራስህን ከሳትክ፣ አፍህ ወይም እጅህ ከከዳህ ቶሎ ና። ማዘንን ግን አልከለከልኩህም። ሰው ሳያዝን እንዴት ይኖራል?» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማን ሞተብህ?» አለ። ነገርኩት። ወረፋው እየጠበቀው እያለ ብዕሩን ሳያነሳ አጠገቤ ተቀመጠ። ለዚያ ደቂቃ የድሮዋን ቃል ይቅር አልኩት።

ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩ። ዝናብ ነበር። ሰው መሀል ብቻዬን እንደዚያ ቀን ሆኜ አላውቅም። ለሐዘኔ ወግ የለኝም። እኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ሰውዬው ቤቱ ውስጥ ወገን መሀል ሳለ ነው። መርዶው ሲነገር ልቅሶው ይጀመራል፣ ፍራሽ መሬት ላይ ይነጠፋል፣ ሰው ይገባል። መርዶ ያልተረዳ ሰው ግን ምን ብሎ ያለቅሳል? ሚኒባስ ውስጥ ቢያለቅስ እብድ ነው ይባላል።

ቤት ስገባ ስንዱ «ምን አሉህ?» አለችኝ። «ደኅና ነህ አሉኝ» አልኳት። ፊቷ በራ። ያን ፊት አይቼ ቁጣዬን ዋጥኩት። ሦስት ቀን ዋጥኩት። እሷ ከእኔ የምትደብቀውን እኔ ደግሞ ማወቄን ደበቅኋት። በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንዲት ሴት ሞት፣ ሁለት ሰዎች ለየብቻ አዘንን።

በአራተኛው ቀን ሰይድ ሱቅ ገባሁ። ሜትሩን ይዞ ጨርቅ ይለካ ነበር።

«እህቴን ስትቀብሩ አንተም ነበርክ?» አልኩት።

ሜትሩን አስቀመጠ። «ላ ኢላሀ ኢለላህ። ማን ነገረህ?»

«አንተ አይደለህም!» ብዬ ጮህኩበት። «ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ሆነህ፣ አንተ አይደለህም!»

እስክጨርስ ጠበቀኝ። ስጨርስ የጓዳውን መጋረጃ በአገጩ አሳየኝ። «ያችን መጋረጃ ታያለህ? ስንዱ አምስት ወር ሙሉ እዚያ እየገባች ነው የምታለቅሰው። ከዚያ ከጀሪካኑ ፊቷን ትታጠብና ወደ አንተ ትመጣለች። ያ የፋሲካ ቀሚስም እዚያው ነው ያለው። ደረቷ ላይ አድርጋው ስትንሰቀሰቅ ወላሂ እኔ ሱቄን ጥዬ እወጣለሁ። ደንበኛህን ሰረቅህ አልከኝ፤ ቻልኩት። ወንድሜ፣ አንተንም እንዳናጣህ ብለን ነው።»

ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። ጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀመጥኩ። ጉንፋን ነው ብላኝ የነበረው ቀይ አፍንጫዋ ትዝ አለኝ።

«ሰይድ፣ በወጉ አርዱኝ» አልኩት። «አያ ተገኘን ጥራው። የቅሬውን ሽማግሌዎች ጥራቸው። ሐኪሙ መርዶ አይገድለውም ብሏል በላቸው፤ እውነት ነው። ማወቄን ግን ለስንዱ አትንገራት። ከሌላ ሰው ሰምቼ ብቻዬን መክረሜን ካወቀች የደከመችበት ሁሉ ይፈርስባታል።»

«ኢንሻ አላህ» አለኝና ዓይኑን ጠረገ።

ቅዳሜ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ነቅቼ ነበር። ስንዱም ለብሳ፣ ሻይ አፍልታ፣ ዳቦ ቆርሳ ቆማለች፤ መምጣታቸውን ሰይድ ነግሯት ኖሯል። አያ ተገኘ ጋቢውን ተከናንቦ ገባ፤ ሸምግሎ፣ ከስቶ፣ ጺሙ አድጎ። ሰይድ ተከተለው፣ ከዚያም ሁለት የቅሬው ሽማግሌዎች። ሰላም ተባባልን። ማንም አልተቀመጠም።

«መድኃኒትህን ወስደሃል?» አለኝ አያ ተገኘ።

«ገና ነኝ። ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው።»

ተያዩ። «እንግዲያ ብላ» አለኝ።

አራት ሰዎች ዙሪያዬን ተቀምጠው ስበላ አዩኝ። እንዲህ ያለ ቁርስ በልቼ አላውቅም። ዳቦው አፌ ውስጥ ይዞራል። አንዱ ሽማግሌ በጎረስኩ ቁጥር አብሮኝ ይውጣል። ሰይድ ምራቁን ሲውጥ ሰማሁት። ኪኒኑን በሻይ ዋጥኩና ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። አያ ተገኘ ንግግሩን ጀመረ።

«ሙላት፤ እንግዲህ የሰው ልጅ መንገደኛ ነው። የመጣ ሁሉ…»

 ደግሞ ጀመረ፤ «የመጣ ሁሉ…» አልቻለም። ጋቢውን አፉ ላይ አደረገው። ለካ እሱም ሚስቱን ካስቀበረ ወዲህ ለእኔ ሲል በስልክ «ከብት ልታይ ወጥታለች» ሲል ነው የከረመው። ሽማግሌዎቹ ወደ ሰይድ አዩ። ሰይድ ወደ መሬት አየ።

ስንዱ ነች የተናገረችው። በሩ አጠገብ ቆማ ነበር።

«እትዬ ጥሩ ሞታለች» አለች። «ጥር ላይ ነው የቀበርናት። ሰርግ አልነበረም።»

ይህን ስትል ዓይኗ ዓይኔ ላይ አልነበረም። ደረቴን ነበር የምታየው። ልቤ ሊቆም ነው ብላ፣ እጆቿን ወደ ፊት ዘርግታ፣ ልትይዘኝ ተዘጋጅታ፣ ደረቴን ታያለች። አምስት ወር ሙሉ ስታየው የከረመችው እሱን ነው። ተነስቼ እጆቿን ያዝኳቸው።

«አልቅሺ» አልኳት። «ምንም አልሆንም። አልቅሺ እንጂ።»

መጀመሪያ አላመነችኝም። ከዚያ ጮኸች። በቤታችን ውስጥ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፅዋን ሳትሰስት ጮኸች። እኔም እህቴን ጠራኋት፤ እንባዬ መጣ። አያ ተገኘ ተነስቶ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። ሰፈሩ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ከማለዳ ጀምሮ ደጁ ላይ ቆሞ ኖሯል፤ ወጣቱ ልብስ ሰፊም፣ ጥሩምባ ነፊውም። አንድ በአንድ እየገቡ መሬት ላይ አጠገቤ ተቀመጡ።